ከብርድ የሸፈንሁት ድምፅ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ በስልኳ ግዕዝ ስትማር አገኘኋት። ስልኩ ያነባል፣ እሷ ትከተላለች። «አክስቴ፣ አንቺም ሞክሪ» ብትለኝ ሥራ አለብኝ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

በሃያ ሦስት ዓመቴ ደብረ ታቦር አንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነበርሁ። ኃላፊ ይባል እንጂ የሚሠራው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነበር። ክረምት ሲገባ የጉና ነፋስ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጣት ያደነዝዛል። የዚያን ክረምት ርእሰ መምህሩ፣ ጋፋት ላይ የቆሎ ተማሪ የሚያስተምሩት የየኔታ ጥበቡ የግዕዝ ንባብ በኮምፒውተሩ ይቀዳ፣ ልጆቹም እያዳመጡ ይማሩበት አለ። የንባቡ መነሣትና መውደቅ በጆሮ እንጂ በጽሑፍ አይያዝም፤ እንደ እሳቸው የሚያወጣው ሰው ደግሞ በአካባቢው አልነበረም።

የኔታ ሳል ይዟቸው ነበር። በበቅሎ መጥተው ያነባሉ፤ ሲጨርሱ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ብናቀርብላቸው አንድ ፍሬ ቀምሰው ይተዉታል። ኮምፒውተሩም ከሰዓት በኋላ ማቃሰት ጀምሯል። ከሁለቱ የትኛው ይቀድም ይሆን እያልሁ እፈራ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ጨረስን። «እንግዲህ ተማሪዎቼን ላሰናብት፤ እኔ ደክሜያለሁ፣ የቀረውን ከዚህ ይስሙ» አሉ የኮምፒውተሩን ሣጥን እየዳበሱ።

«ትንሽ ይቆዩ የኔታ። ሰኞ ባዶ ሲዲ ከባሕር ዳር ይመጣል፣ ልገልብጠው።»

«ሰኞን ማን ያውቃታል፣ ልጄ?»

ኮምፒውተሩን ማጥፋት ፈራሁ፤ አንድ ጊዜ ጠፍቶ አልነሣም ብሎን ያውቃል። እንደ በራ በዚያ ብርድ ብቻውን መተው ደግሞ ከበደኝ። እኛ አገር ከብርድ የማይሸፈን ነገር የለም። ራሴ የጠለፍሁትን ጨርቅ አለበስሁት፤ እሱ አልበቃ ብሎኝ ጋቢዬን ደረብሁበት። ሙቀቱን በእጄ ስዳስስ ደስ አለኝ።

ሰኞ በሩን ስከፍት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ጋቢው ታች በኩል ጠቁሯል። የጠራነው ባለሙያ ሣጥኑን ፈትቶ አየና «ታፍኖ ነው የተቃጠለው፤ ውስጡ የነበረው አይመለስም» አለኝ።

ልነግራቸው ጋፋት ስደርስ የኔታ ታመው ተኝተዋል። ተማሪዎቹ አኩፋዳቸውን አንግተው ሄደዋል፤ ጎጆዎቹ ባዶ ናቸው።

«ድምፄ ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ የኔታ።»

ፈገግ አሉ። በሳምንቱ ቀበርናቸው።

የእህቴ ልጅ ስልኳን ይዛ ጓዳ ድረስ ተከተለችኝ። «አንቺ ሊቅ ቀርበሽ ሰምተሻል አሉ፤ ንባቡ እንዲህ ነው?» አለችኝ። የስልኩ ሰው መጥፎ አያነብም። የኔታ ግን እንዲያ አልነበረም የሚያነቡት። እንዴት እንደነበረ ላሳያት ብል መነሣትና መውደቁ ከጆሮዬ ጠፍቷል። አፈርሁ።

«እንዲህ ነው» አልኋት።