ከቄብ እንቁላል የወጡት ሦስቱ

ስለ እንቁላል እኔን የሚያህል አዋቂ በዋግ ምድር አልነበረም። ማንም አላስተማረኝም። ዓመታት ሙሉ እያንዳንዱን እንቁላል በከሰል ምልክት እያደረግሁ፣ ምን ዓይነት ጫጩት እንደሚወጣበት እየተከታተልሁ የደረስሁበት ነው። ከትንሽ እንቁላል የወጣውን ትልልቆቹ ይረግጡታል፤ ዓይኑን ይነቁሩታል፤ በሦስተኛው ቀን ይሞታል።

በደርግ ጊዜ፣ ድርቁ ባለፈ በዓመቱ፣ ታላቅ እህቴ ሦስት እንቁላል በነጠላዋ ቋጥራ መጣች። ባሏን በድርቁ የቀበረች ሴት ናት። የተረፈቻት ገና መጣል የጀመረች አንዲት ቄብ ዶሮ ነበረች። በዚያ ጧት ከሰቆጣ የወጡ ወታደሮች ቤቷን ሲፈትሹ፣ አንዱ ቄቧን በጫማው ረግጦ አንገቷን በሳንጃ ቆረጠው። እህቴ እግሩን ብትይዘው በሰደፍ ጥርሷን አወለቀው።

«ዘሯን አትርፍልኝ» አለችኝ በደማ አፏ። «ሌላ የለኝም።»

ሚስቴ እንቁላሎቹን አየቻቸው። ከሎሚ አይበልጡም።

«የቄብ እንቁላል ለድስት እንጂ ለመታቀፍ አይሆንም» አለች። «ቢፈለፈሉስ የኔዎቹ ትልልቆች ይጨርሷቸው የለ?»

«እኔ እያለሁ?»

«አንተ ልትታቀፋቸው ነው?»

ያን ሰሞን አንዲት ዶሯችን ልትታቀፍ ተኝታ ነበር። የእህቴን ሦስቱን አስቀድሜ አስታቀፍኋት፤ ከሁለት ቀን በኋላ የሚስቴን ስምንት ትልልቅ ጨመርሁ። ቁጥሩ ጎዶሎ ካልሆነ አይባረክምና አሥራ አንድ ሆኑ። ትንንሾቹ ሁለት ቀን ቀድመው ከወጡ በእግራቸው ቆመው ይጠብቃሉ ብዬ ነው። ይህን ያሰበ ሰው ከኔ በፊት አልሰማሁም።

በሃያ አንደኛው ቀን ሦስቱም ወጡ። ዶሮዋ ግን እነሱን አስከትላ ልትሄድ ተነሣች። የሚስቴ እንቁላል እንዳይበርድ ብዬ እናትና ልጆቹን ከነእንቁላሎቹ በእንቅብ ከደንሁና ድንጋይ ጫንሁበት። ሁለት ቀን ነው፣ ምን ይሆናሉ ብዬ ጥሬ አላስገባሁም።

በሁለተኛው ቀን ጩኸት ሰምቼ እንቅቡን አነሣሁት። የሚስቴ ጫጩቶች ገና እርጥብ ናቸው። ሦስቱ ትንንሾች የነዚህን እምብርት ነቁረው አንጀታቸውን ይጎትታሉ። እናቲቱም ርቧት አንዱን በእግሯ ይዛ ጭንቅላቱን ትመታለች። ስድስቱ ሞተዋል፤ ሁለቱ ይንፈራገጣሉ። የሁለቱን አንገት ጠምዝዤ ገላገልኋቸው።

ሚስቴ ስምንቱንም በሰፌድ ላይ ደረደረች።

«እነዚህ ጫጩት አይደሉም፤ የጅብ ልጆች ናቸው» አለችኝ። «ዞር በል፣ የነሱንም አንገት ላዙረው።»

ከፊታቸው ቆምሁ። ደረቴን በቡጢ ደበደበችኝ፤ ከንፈሬን አደማችው፤ አልተንቀሳቀስሁም።

እህቴ ስትደርስ ሦስቱም ምንቃራቸው እንደ ቀላ ጥሬ ይለቅማሉ። የሆነውን ነገርኋት። አንዱን አንሥታ ወደ ሚስቴ ዘረጋች።

«እንኪ፣ ይህን ለካሳሽ።»

«ይውሰዷቸው፤ ዓይኔ አይያቸው» አለች ሚስቴ ፊቷን አዙራ።

እህቴ በነጠላዋ ጫፍ ምንቃራቸውን አንድ በአንድ ጠርጋ ብብቷ ውስጥ ከተተቻቸው። ወታደር እንዳያገኛት በገደሉ ሥር ባለው መንገድ ሄደች። ሦስቱም አደጉ፤ ሁለቱ እንቁላል ጣይ ሆኑ። የቄብ እንቁላል ለዘር አይሆንም የሚል ካለ መጥቶ እኔን ይጠይቅ።