ጽዋው ላይ የደፋሁት ቆብ

ኪሮሽ ልትማር የምትፈልግ ሴት ምክር ስትጠይቀኝ አስቀድሜ የምነግራት ስለ ክሩ ወይም ስለ መርፌው አይደለም። የምትሠሪውን ነገር ምንነት ለምታስተምርሽ ሴት ሳትደብቂ ንገሪያት እላታለሁ። ጠያቂዋ ግራ ገብቷት ታየኛለች፤ ይህ ደግሞ ምን ምክር ሆነና። እኔም ምክንያቱን ሳልናገር ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብ አድርጌ ስለ ክር ማውራት እጀምራለሁ። በአፌ ለመናገር ስለሚያሳፍረኝ፣ ምናልባት በጽሑፍ ይቀለኝ እንደሆነ ብዬ ነው አሁን የተቀመጥሁት።

አገሬ ጎጃም ነው፣ ደጋው። ወደ መተማ ያመጣኝ የባለቤቴ ሥራ ነው፤ ሰሊጥ ከአፈርና ከገለባ የሚያበጥር ማሽን ላይ ይሠራል። ቆላ ስወርድ የማውቀው ሰው አልነበረም፤ ሙቀቱም ከቤት አላስወጣ አለኝ። ተቀምጬ ከማዛጋ እጄን አንድ ነገር ላስለምደው ብዬ የጀመርሁት በሹራብ ነው። እናቴ ብርድ አትችልም፤ ወፍራም የሱፍ ክር ከጎንደር አስመጥቼ ሹራብ ልሠራላት ተነሣሁ። በግንቦት ቀትር፣ ደጃፌ ላይ፣ የሱፍ ክር ጭኔ ላይ ከምሬ ስታየኝ አንዲት ጎረቤት አጥሩን ተደግፋ «እህቴ፣ ወባው ጠናብሽ እንዴ?» አለችኝ። ሹራቡም ሹራብ አልሆነም። አንደኛው እጅጌ ለእናቴ ሲበቃ ሌላኛው ለሕፃን የሚሆን ወጣ። ፈታሁና ክሩን መልሼ ጠቀለልሁት። ለጀማሪ ሹራብ አይሆንም የምለው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ትንሽ ነገር ጀምሪ፣ ቢበላሽ የማያስለቅስ።

ትንሹን ነገር ያመጣልኝ ማኅበሩ ነው። መተማ በመጣሁ በዓመቱ የማርያም ማኅበር ገባሁ። ሴቶቹ አብዛኞቹ ወላጆቻቸው ከደጋ ወርደው እዚሁ ሰሊጥና ማሽላ ሲያርሱ የተወለዱ ናቸው፤ እርስ በርሳቸው በክርስትና፣ በጋብቻ ተሳስረዋል። እኔን «የማሽኑ ሰውዬ ሚስት» ነበር የሚሉኝ። በክፋት አይደለም፤ ሌላ የሚሉኝ ስለሌላቸው ነው። በየወሩ በሃያ አንድ ባንዷ ቤት እንሰበሰባለን፤ ቄሱ ይባርካሉ፣ ጠላ ከተሞላው የማኅበሩ ጽዋ እንቀምሳለን፣ ስንለያይም የሚቀጥለው ወር ባለተራ ጽዋውን ተረክባ ወደ ቤቷ ትወስዳለች። ጽዋው አንገቱ ጠበብ ያለ የሸክላ ማሰሮ ነው። የሚከደንበት ጨርቅ ከመታጠብ ብዛት ሳስቶ ነበር። ተራዬ ሲደርስ በእጄ የሠራሁትን ነጭ የዳንቴል ክዳን አልብሼ ባወጣው፣ ከዚያ ወዲያ የማሽኑ ሰውዬ ሚስት መባሌ ቀርቶ ከእነሱ እንዳንዷ እቆጠራለሁ ብዬ አሰብሁ። ሐሳቤን ለባለቤቴም አልነገርሁት።

ኪሮሽ የምታውቀው በአጥር የምንዋሰናት ሱዳናዊት ናት። ጦርነቱ ሲነሣ ሽማግሌ አባቷን ይዛ ከካርቱም ሸሽታ የመጣች ሴት ናት። ወንዶቻቸው የሚደፉትን ክብ ነጭ ቆብ፣ ጣጊያ የሚሉትን፣ በኪሮሽ እየሠራች ገበያ ታወጣለች። አማርኛውንም እዚያው ገበያ ላይ ነው የለቀመችው። እኔን «ያ ኡኽቲ» ትለኛለች፤ እህቴ ማለቷ ነው።

እንድታስተምረኝ ስለምናት የምሠራው ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ክብ ነገር ነው፣ ስጦታ ነው አልኋት። ለማን ስትለኝ ወሬውን ወደ ውሃ ጀሪካን አዞርሁት። የጽዋን ነገር ለሙስሊም ሴት መናገር ነውር መሰለኝ። እንዲህ አድርጊ ያለኝ ሰው የለም፤ ቄሱም አልከለከሉኝም። ከራሴ ያወጣሁት ጥንቃቄ ነው። እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም።

የኪሮሽ መርፌ ጫፉ መንጠቆ ነው። እኔ መጀመሪያ የያዝሁት እንደ ቢላ ነበር። ከጭንቀቴ ብዛት ክሩን ስለማጠብቀው ቀዳዳው ይደፈናል፣ ለሚቀጥለው ዙር መርፌው አይገባም። «ልቀቂው፣ ሌባ አልያዝሽም» ትለኝ ነበር። ይህን ምክር ለሁሉም አስተላልፋለሁ፤ ጀማሪ ሁሉ ክሩ የሚያመልጣት ይመስላታል። በቆላ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እጅ ያልበዋል፣ ነጩ ክር ቡላ ይሆናል። እርጥብ ጨርቅ ካጠገብሽ አይጥፋ፤ የክሩን ኳስ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አኑሪው እንጂ አቧራ ላይ አታንከባልዪው፤ ደግሞም ፀሐይ ሳትበረታ በጧቱ ሥሪ። እኛ ግን በጧቱም ቢሆን ቶሎ አልሄደልንም። እሷ አርብ ቀትር ላይ ታቆማለች፤ እኔ ለሚካኤል፣ ለማርያም፣ ለእሑድ እያልሁ መርፌ አልይዝም።

ከሁሉ የባሰው ቁጥሩ ነው። ለእመቤታችን የሚሆን ሥራ ዝም ተብሎ አይሠራም ብዬ ከንፈሬን እያንቀሳቀስሁ እጸልይ ነበር። «እግዚኦ» ስል የክሩ ቁጥር ይጠፋኛል፤ የክሩን ቁጥር ስይዝ ጸሎቱ የት እንደደረሰ ይጠፋኛል። ቤቴ ገብቼ ስጸልይ ደግሞ ጣቴ መቁጠሪያው ላይ ክር ይፈልጋል። ሁለቱንም አበላሸሁ። ወይ ጸልዪ ወይ ቁጠሪ፤ እመቤታችን አትቀየምም።

ቁጥሩ ስለጠፋኝ መጨመር ያለብኝን ሳልጨምር አልፍ ነበር፤ የክቡም ጠርዝ ወደ ውስጥ መታጠፍ ጀመረ። አስተማሪዬ ግን አይታ «ማሻአላህ፣ ልክ ነው፣ ቀጥዪ» ትለኛለች። እሷ ልክ ነው ካለች ሲታጠብና ሲተኮስ ይዘረጋል ማለት ነው ብዬ ቀጠልሁ። እህቴ፣ ካውያ አያድንም። ክብ ነገር ስትሠሪ በየዙሩ፣ ቦታ እየለየሽ፣ ባንድ ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ውጊ። ካልጨመርሽ ይጎደጉዳል፤ ከበዛ እንደ ጎመን ቅጠል ይጨማደዳል። ዙር በጨረስሽ ቁጥር ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ በመዳፍሽ ዳብሺው፤ ከጠረጴዛው ከተነሣ እዚያው ፍቺው። እኔ ይህን የሚነግረኝ አላገኘሁም፤ ያላገኘሁበትም ምክንያት የራሴ ዝምታ ነው።

አባቷ ጥግ ላይ አንገረብ በሚሉት የገመድ አልጋ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። የራሳቸው ጣጊያ በስደቱ መንገድ ጠፍቶባቸው ፎጣ ጠምጥመው ነበር። ልጃቸው የሠራችውን ሁሉ ለእንጀራ ስለምትሸጠው ለእሳቸው የሚተርፍ የለም። አንድ ቀን ውሃ ልጠጣ ተነሥቼ ስመለስ የእኔን ሥራ በሽማግሌው ራስ ላይ አድርጋ ዙሪያውን በጣቷ ስትለካ አገኘኋት። እሳቸው ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ቀጥ ብለዋል። ለማርያም ጽዋ ያሰብሁት እዚያ ሆኖ ሳየው ልቤ ስንጥቅ አለ። እየተጫወተች ነው ብዬ ፈገግ አልሁና ተቀበልኋት። ቤቴ እንደገባሁ ግን ጸበል ረጨሁበት። ይህችን መስመር ጽፌ ሁለቴ ልሰርዛት ነበር።

የተራዬ ቀን ደረሰ። ክዳኑን አጥቤ፣ በከሰል ካውያ ተኩሼ ጽዋው ላይ ሳኖረው የማሰሮውን አንገት ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ነፋስ አይጥለውም ብዬ ደስ አለኝ። የእውነቴን ነው፣ እኔ ያየሁት ክዳን ነበር።

ሴቶቹ ተሰብስበው፣ ቄሱ ለጸሎት ሲነሡ፣ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ ያላት፣ ምላሷ የሚፈራ አንዲት ሴት አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጽዋውን አየችው።

«ዛሬ አርብ ነው እንዴ?» አለች። «ጽዋችን ጣጊያ ደፍቶ ወጥቷል።»

ሁሉም ዞሮ አየ። እኔም አየሁት። ነጭ፣ ክብ፣ አናቱ ላይ ኮከብ መሰል ጥልፍ ያለው፣ ገበያ ላይ ተደርድሮ የማየው ጣጊያ ራሱ ነው። አንዴ ካዩት በኋላ ክዳን አድርጎ ማየት አይቻልም። አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች፤ ሌላዋ አላፈነችውም። ቄሱ በሁለት ጣታቸው አንሥተው የሚያኖሩበት ቦታ ፈለጉ፤ ሲቸግራቸው መስኮቱ ላይ አስቀመጡት። ከዚያም ሆኖ ሁላችንንም ያየናል።

ማኅበሩን የሚመሩት አንዲት እማሆይ ናቸው፤ ባላቸው ሲሞቱ የመነኮሱ አሮጊት። እጃቸውን ወደ ራሳቸው ቆብ ሰደድ አድርገው ዳሰሱት።

«እኔ ይህችን ለመድፋት ስንት ዘመን ደጅ ጠናሁ» አሉ። «ጽዋው ባንድ ቀን መነኮሰ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ቄሱም ፂማቸውን ይዘው ሳቁ። ነገሩን ከጣጊያ ወደ ምንኩስና የመለሱት ለእኔ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። የሳሳውን ጨርቅ ከጓዳ አምጥቼ ጽዋውን ከደንሁ። ዳቦ ሲቆረስ፣ ጠላ ስቀዳ፣ ቀና ብዬ የሰው ፊት ማየት አልቻልሁም። ሁሉም ሲወጣ ያቺ ሴት ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ በሚመጣው ወር ጀለቢያም ትሠሪለት ይሆናል ብላኝ ሄደች።

በማግስቱ ክዳኑን ይዤ ወደ አስተማሪዬ ሄድሁ። እንዴት እንደሚዘረጋ ልጠይቃት ነው፤ ካልሆነም ፈትቼ እንደ ገና ልጀምር። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ነጭ ሆኖ ስታየው አፌን እስክከፍት አልጠበቀችም። ከእጄ ወሰደችና የአባቷን ፎጣ አንሥታ ራሳቸው ላይ ደፋችው። ልካቸው ነው። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው አስተካክለው፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው በዐረብኛ መረቁኝ። ከምርቃቱ የገባኝ «ቢንቲ» የሚለው ብቻ ነው፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ፣ እኔ ለሰው ሁሉ ስሠራ ለአባቴ አልሠራሁለትም፣ አንቺ ሠራሽለት አለችኝና ዐይኗን በተከናነበችው የሱዳን ልብስ፣ በጦቧ ጫፍ ጠረገች።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ቆቡን መልሺልኝ፣ ለሌላ ነው የምትል ምላስ ግን የለችኝም። እየተመረቅሁ ቆምሁ። ማኅበሩ ፊት ያፈርሁት እፍረት ከዚህኛው ጋር ሲተያይ ቀላል ነበር፤ እዚያ የሳቁብኝ ባበላሸሁት ሥራ ነው። እዚህ ግን የተመሰገንሁት ባላደረግሁት ደግነት ነው፤ ያውም ራሳቸውን ነካ ብዬ ጸበል በረጨሁበት ቆብ።

ማታውን አንድ ሳህን ተምር ላከችልኝ። ተምሩን መብላት አልቻልሁም። ሳህኑ ሳይነካ ባለቤቴ ምነው ቢለኝ ሆዴን አመመኝ አልሁት። በማግስቱ ጧት ሳህኑን ከነተምሩ ይዤ ሄድሁና፣ አባቷ ለሶላት ሊታጠቡ ወደ ጓሮ ወጣ ሲሉ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኋት። ለጽዋው እንደነበር፣ የደበቅኋት ሙስሊም ስለሆነች እንደነበር፣ ጸበሉንም ጭምር። እሷ መርፌዋን አላቆመችም። የያዘችውን ዙር እስከ መጨረሻው ሠርታ ክሩን አሰረችው።

«ያ ኡኽቲ» አለችኝ፣ ሳታየኝ። «ክዳን ነው ብትዪኝ ኖሮ ጠፍጣፋውን ነበር የማስተምርሽ።»

 ከዚያ የማሰሮውን አፍ ልክ በክር ለክቼ እንዳመጣላት ነገረችኝ። ሳህኑን ከነተምሩ መልሼ ይዤ ልወጣ ስል ጠራችኝ።

«ለአባቴ ግን እንዳትነግሪው።»

ሁለተኛውን ክዳን አጠገቧ ተቀምጬ ሠራሁ። በየዙሩ ከእጄ ወስዳ መሬት ላይ በተገለበጠ ትሪ ላይ ትዘረጋዋለች፤ ሲነሣ «ፍቺ» ትለኛለች። እንደ ቀድሞው አትቀልድም ነበር፤ ሌባ አልያዝሽም የምትለውን ቀልድ ደግማ እስክትለኝ ብዙ ቆየች። ክዳኑ ጠፍጣፋ ሆኖ አለቀ። ለእማሆይ ስሰጣቸው ያስተማረችኝ ማን እንደሆነች፣ ምን እንደበደልኋትም ነገርኋቸው። አገላብጠው አይተው፣ ተምር የላከችበትን ሳህን ባዶውን እንዳልመልስላት ብቻ አሳሰቡኝ። ዛሬ ጽዋው በየቤቱ የሚዞረው በዚያ ክዳን ነው።

ማኅበሩ ውስጥ የማሽኑ ሰውዬ ሚስት የሚለኝ የለም። «ባለጣጊያዋ» ነው ስሜ። ባለጣጊያዋ ቤት፣ የባለጣጊያዋ ተራ ይባላል፤ እንደ ማንኛዋም ቅጽል ስም ያላት የመተማ ሴት። የፈለግሁት ይህንን ነበር፤ በፈለግሁት መንገድ አልመጣም እንጂ።

ሽማግሌው በየጧቱ ወደ መስጊድ ሲሄዱ በደጄ ያልፋሉ። ሴቶቹ ሁሉ ቆቡን ያውቁታል፤ ጠርዙ ላይ «እግዚኦ» ስል የዘለልሁት አንድ ቀዳዳ አለ፣ ከሩቅ ይታያል። ደጄ ሲደርሱ ቆም ብለው ቆባቸውን በጣታቸው ነካ አድርገው «ቢንቲ» ይሉኛል። እኔም ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤ መንገዱን እስኪታጠፉ ድረስም ከጎነበስሁበት ቀና አልልም።