ጣሪያ ላይ ያደረው የኮሃሩ ጥርስ

እዚህ ጃፓን፣ ኩራሺኪ ከተማ ውስጥ እትዬ ኪኑኮን የማያውቅ ካለ ቶፉ በልቶ አያውቅም ማለት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ እጃቸው ከቀዝቃዛ ውሃ ሳይወጣ፣ ከእኛ አጥር ማዶ ባለችው ሱቅ ከአኩሪ አተር ወተት እንደ አይብ የሚረጋውን ቶፉ ሲቆርጡ ኖረዋል። ምላሳቸው ከቢላዋቸው ይሰላል። እኚህን ሴት ያስለቀሰ ሰው አለ፤ ስሙን ባልጽፈውም አብረቅራቂው ክራቫቱ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

ልጃቸው ሹኒቺ የሞተው በደም ካንሰር ነው፤ የአጥንት መቅኒው ገጥሞ የሚለግሰው ሰው ጠፍቶ። ሚስቱ ሳትሱኪ ከአማቷ ጋር ቀረች። ለሁለቱም የተረፈቻቸው ትንሿ ኮሃሩ ናት። ልጅቷ ባስነጠሰች ቁጥር የእናቷ ፊት አመድ ይመስላል። እንግዲህ ባለ ክራቫቱ ያገኛት ይህችን ሴት ነው! ትምህርት ቤት ወላጆችን ሰብስቦ፣ የወተት ጥርስ ውስጥ ስቴም ሴል የሚባል ሕያው ዘር አለ፣ እኛ ጋ በረዶ ውስጥ ካስቀመጣችሁት ነገ ልጃችሁን ከሞት ያተርፋል አለ።

"ጥርሱን የጣለ ወላጅ የልጁን ነገ ጣለ!"

አይ አፍ! ሳትሱኪ ተመዘገበች። የጥርስ መላኪያ ጠርሙስ ሲመጣላት ማቀዝቀዣ ውስጥ ከወጥ ማጣፈጫው ከሚሶው ጎን አኖረችው። አማቷን "እንዳይነኩት" አለቻቸው እንጂ ለምን እንደሆነ አልነገረችም። የሹኒቺን ስም ማንሳት ከብዷት ነው።

አንድ ቀን ኮሃሩ የሩዝ ብስኩት ስትቆረጥም የታች ጥርሷ ወለቀ። በእኛ ልማድ የታች ጥርስ ወደ ጣሪያ፣ የላይኛው ወደ ወለል ስር ይወረወራል፤ ይሄ ይጠየቃል እንዴ? አያትና የልጅ ልጅ ጓሮ ወጥተው "ከአይጥ ጥርስ ቀድሞ ይብቀል!" እያሉ ወረወሩት። ሳቃቸው እኛ ቤት ድረስ ተሰማ።

ማታ የተሰማው ግን ሳቅ አልነበረም።

"ሹኒቺን ሰጪ አጥተን ቀበርነው! አሁን ደግሞ የልጄን መድኃኒት ለአይጥ ሰጡብኝ? ልጄን ይዤ ነው ከዚህ ቤት የምወጣው!"

እትዬ ኪኑኮ "ይቅር በዪኝ" ሲሉ ሰማሁ። እኚያ ሴት! ይቅርታ!

በማግስቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ሳለ፣ የሱቃቸውን ቦት ጫማ አጥልቀው መሰላል ላይ አየኋቸው።

"እትዬ ኪኑኮ፣ በሞቴ ይውረዱ! ይሰበራሉ!"

"ዝም ብለሽ ያዢልኝ! አንቺ ባወራሽ ቁጥር መሰላሉም ይንቀጠቀጣል።"

ጥርሷን የጣሪያው ሸክላ መሃል አገኟት። ጠርሙሱ ውስጥ ከትተው ለምራታቸው በሁለት እጃቸው ሰጡ። "ልጄን አላዳንኩትም። ኮሃሩን ግን አንቺ አድኛት" አሉና እንባቸው መጣ።

ባለ ክራቫቱ ቅዳሜ ቅዳሜ የጥርስ ሐኪሙ ዘንድ ስለሚቀመጥ ሦስታችንም ተያይዘን ሄድን።

"ድንቅ ነው! እናስቀምጠዋለን" አለ ጠርሙሱን ተቀብሎ።

"ጣሪያ ላይ አድሯል፤ ዝናብም መቶታል። በሕይወት አለ?" አለች ሳትሱኪ።

"እኛ ሁሉንም እንቀበላለን፣ እመቤቴ።"

"አለ ወይ ነው ያልኩህ!"

"ያው... ያጠራጥራል።"

"እሺ፣ ደህናው ቢሆንስ? ባሌን የገደለው የደም ካንሰር ልጄን ቢይዛት ያድናታል?"

"ሳይንስ ወደፊት ተስፋ አለው..."

"ተስፋ አልጠየቅኩህም!"

ክራቫቱን ነካካ። "የጥርስ ሴል መቅኒን አይተካም። ለዚያ በሽታ አይሆንም" አለ፣ ወለሉን እያየ።

ያውቅ ነበር! የሟች ሚስት ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ስትፈርም ያውቅ ነበር! እኔ የማወርድበትን ስድብ ስመርጥ እትዬ ኪኑኮ ቀደሙኝ፦

"አንተ ልጅ፣ እኔ የኮመጠጠ ቶፉ ለጠላቴም ሸጬ አላውቅም።"

ሳትሱኪ ጠርሙሱን ከእጁ ነጠቀች። መንገዱን በሙሉ እያለቀሰች፣ የአማቷን ክንድ ግን አልለቀቀችም።

ቤት ስንደርስ ኮሃሩን ጠርታ ጥርሷን መዳፏ ላይ አወጣች።

"እማዬ፣ አንቺ ወርውሪው!"

"ከአይጥ ጥርስ ቀድሞ ይብቀል!" ብላ ባላት ኃይል ወረወረችው። የሴትዮዋ ንዴት ቀላል ነው? ጥርሷ ጣሪያውን ዘላ እኛ ጓሮ ወደቀች።

"ኧረ አንቺ ጎረቤት፣ ፈልጊያት!" አሉ እትዬ ኪኑኮ በአጥሩ በኩል። ድምፃቸው ተመልሷል። "ሰነፍ፣ አጎንበሺ!"

አጎንብሼ አገኘኋት። መልሼ ወደ ጣሪያቸው ወረወርኳት።