ዳገት ላይ የምትጠፋው መኪና

ጋራዡ ውስጥ ሁሉም «እትዬ አምፖል» ይላታል። ሁለት ሽቦ የተበየደባት ትንሽ አምፖል እንደ ሐብል አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስለምትውል ነው። መኪና ውስጥ ኤሌክትሪክ የት እንደደረሰና የት እንደቀረ የምታውቀው በሷ ነው። «የጋብቻ ቀለበቷ ቢጠፋ ትስቃለች፣ አምፖሏ ከጠፋች ግን ጋራዡ ይዘጋል» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያንን ቀልድ የደገመው ሰው የለም።

ባሏ የጤና ጣቢያ ሹፌር ነበር። የናፍጣ ፎር ዊል መኪና ይዞ ነርሶችንና መድኃኒትን መንገድ ወደሌለበት ሁሉ ያደርሳል። ከሦስት ዓመት በፊት ወንዝ ሲሻገር ሞተሩ ጠፋ። አብራው የነበረችው ነርስ ወርዳ ዳር ወጣች። እሱ ግን መኪናዋን ጥሎ መውጣት አልሆነለትም። ቁልፉን ደጋግሞ ሲያዞር ከላይ ደራሽ ውኃ መጣ።

ስለ አደጋው የተጻፈው ወረቀት «ሹፌሩ የውኃውን ጥልቀት ሳይገምት በመግባቱ» ይላል። ነርሷ «ኧረ ውኃው የጎማውን ግማሽ እንኳ አልደረሰም፤ ሞተሩ እንዲሁ ነው ጭጭ ያለው» ብትልም የሰማት አልነበረም።

እትዬ አምፖልን እረፍት የነሳት ግን ወረቀቱ አልነበረም። የዚያን ዕለት ጠዋት ባሏ የጫማውን ክር እያሰረ፣ «ስሚኝማ፣ ሞተሩ ጋ አንድ ሽቦ ተበጥሶብኝ ትናንት መንገድ ላይ ቀጥዬዋለሁ። አምስት ደቂቃ ታይልኛለሽ?» ብሏት ነበር። እሷ ልብስ እያጠበች ነው፤ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነው። «ስትመለስ» አለችው። «እሺ» ብሎ ወጣ።

ይህን ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ አብራቸው ለምትኖረው ለአማቷም ጭምር። አማቷ ደግሞ ልጃቸው በገዛ ጥፋቱ ሞተ መባሉ አንገታቸውን አስደፍቷቸው ከጎረቤት ጋር መቀመጥ ትተዋል። ሁለቱ ሴቶች አንድ ቤት ውስጥ ሆነው ስለሱ ሳያወሩ ሦስት ዓመት ኖሩ። እትዬ አምፖል ልብስ በዘፈዘፈች ቁጥር የገዛ ድምፅዋ «ስትመለስ» ይላታል። ዞር ብላ ያየችበት ጊዜም አለ።

መኪናዋ ከወንዙ ተጎትታ ወጥታ፣ ሞተሯ ተፈትቶ ታጥቦ ተገጥሟል። ሜዳ ላይ ደህና ትሄዳለች። ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ ስትጎትት ግን ድንገት ትጠፋለች። አንዱ ጋራዥ ባትሪ ቀየረላት፣ ሌላው ፊውዞቿን በሙሉ ለወጠ፤ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። ሁለት ሹፌሮች «የሞተው ሰውዬ ገና ከመኪናዋ አልወረደም» ብለው ቁልፍ መለሱ።

አንድ ሰኞ ጠዋት አዲሱ ሹፌር እየነዳ እትዬ አምፖል ወደምትሠራበት ጋራዥ አመጣት። መኪናዋ በበሩ ሳትገባ በፊት በድምፅዋ አውቃታለች። ባለጋራዡ ጠጋ ብሎ፣ «እህቴ፣ እምቢ ብትዪ የሚቀየምሽ የለም። ሌላ ቦታ እመራቸዋለሁ» አላት።

«ተዋት። እኔው ልያት።»

የሹፌሩን በር ከፍታ ተቀመጠች። ወንበሩ ወደ ኋላ እንደተገፋ ነው፤ ማንሸራተቻው አሸዋ በልቶ ነክሶ ቀርቷል። እግሯ ፍሬን አልደርስ አለ። ጀርባዋ የሌላ ሰው ጀርባ ያጎደጎደው ቦታ ላይ አረፈ። ቶሎ ወረደች።

የናፍጣ ሞተር አንዴ ከተነሳ ብዙ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። አንዲት ቀጭን ሽቦ ትበቃዋለች፤ ከቁልፉ ተነስታ ፓምፑ ላይ ያለውን የናፍጣ መዝጊያ ከፍታ የምትይዝ። እሷ ኃይል ካጣች መዝጊያው ይከደናል፣ ሞተሩም ይጠፋል። ባሏ የቀጠለው ይህችኑ ሽቦ ነበር። ኮፈኑን ስታነሳ ጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለባት ቦታ ወዲያው ዓይኗ ውስጥ ገባች። ልትነካት አልደፈረችም።

መጀመሪያ አምፖሏን መዝጊያው ላይ አሰረችና በረጅም ሽቦ በመስኮት አስገብታ ከመሪው ፊት ለፊት አስቀመጠቻት። ሹፌሩ ነዳ፣ እሷ ከጎኑ ተቀመጠች፤ ከጋራዡ ጀርባ ያለውን ዳገት ጀመሩ። ግማሽ ላይ አምፖሏ ድርግም አለች፤ ሞተሩም አብሯት።

«እትዬ፣ እኔ ከነዳጅ መርገጫው ላይ እግሬን አላነሳሁም» አለ ሹፌሩ ደንግጦ።

«አውቃለሁ።»

ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተሽከረከረ፣ ተሽከረከረ፣ አልተነሳም። ደግሞ አዞረ። እሷ መጨረሻ ላይ ባሏ የሰማው ድምፅ ይህ መሆኑ ገባት።

«ተው! አታዙር!» ብላ ክንዱን ያዘችው።

ወርዳ አምፖሏን ፊውዙ ጋ ነካች፤ በራች። ኃይሉ እስከዚያ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ እስከ መዝጊያው ባለው መንገድ ላይ ያለችው የሱ ቅጥያ ናት። ፕላስተሩን ፈታችው። ሽቦዎቹ በደንብ ተጠምዝዘው ታጥፈዋል፤ ልክ እሷ እንዳስተማረችው። አምፖሏን ከቅጥያው ወዲያ ነካች፤ በራች። ሽቦውን ጎተተች፣ ወዘወዘች፤ አሁንም በራች። ሦስቴ ሞከረች።

ከቅጥያው አንድ ስንዝር አለፍ ብሎ ሽቦውን ከብረቱ ግድግዳ ጋር የሚይዝ መቆንጠጫ አለ። እዚያ ስትነካው አምፖሏ ብልጭ ድርግም አለች። ሽፋኑ ምንም አልሆነም፤ በምላጭ ስትሰነጥቀው ግን ውስጡ ያለው መዳብ አረንጓዴ ሆኖ ተበጣጥሷል፤ የቀሩት ሁለት ክሮች ናቸው። ሞተሩ ከባድ ሲጎትት ይወዛወዛል፣ ክሮቹም ይለያያሉ። ተመልሰው መነካካታቸው የዕድል ጉዳይ ነው።

«የሱ አይደለም» አለች ጮክ ብላ።

«ተገኘ? እሰይ! እንኳን ደስ አለዎት!» አለ ሹፌሩ።

እሷ ግን መሬት ላይ ተቀመጠች። ቅጥያውን አየች፣ ከዚያ መቆንጠጫውን አየች፤ መሃላቸው አንድ ስንዝር ነው። የገዛ እጇን ታውቀዋለች፤ ቅጥያ ከፈተሸች በኋላ ሽቦውን በጣቷ ግራና ቀኝ ሳትዳብስ ትታ አታውቅም። ያን ጠዋት እጇን አለቅልቃ ወጥታ ቢሆን ኖሮ ታገኘው ነበር፤ አምስት ደቂቃም አይፈጅባትም።

አዲስ ሽቦ ዘረጋች። ዳገቱን ሦስቴ ወጡት፤ ሞተሩ አልጠፋም። የተቆረጠውን ሽቦ ይዛ ወደ ጤና ጣቢያው ኃላፊ ሄደች። ሰውየው አገላብጦ አየው፤ ነርሷንም አስጠራና እንደገና ጠየቃት። ከዚያ ጥፋቱ የሹፌሩ እንዳልሆነ በማኅተም ጻፈላት።

ከሰዓት ቤት ስትገባ አማቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ይተክላሉ። ሽቦውን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

«እማዬ፣ መኪናዋን ያጠፋት ይህ ነው።»

«ልጄስ?»

«እሱ ምንም አላጠፋም። የነካው ሁሉ ደህና ነበር።»

አማቷ ሽቦውን ወደ ብርሃኑ አንስተው ረጅም ጊዜ አዩት። እትዬ አምፖል የቀረውን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ «ያን ቀን ጠዋት…» ስትል እሳቸው ሻሻቸውን እያሰሩ ብድግ አሉ። ሽቦውን እንደ ጨበጡ፣ ጫማቸውን በቅጡ ሳያደርጉ ወጡ።

የጎረቤት በር ሲንኳኳ ተሰማ። «ልጄ አላጠፋም! ሚስቱ ናት ያገኘችው፣ በገዛ እጇ!» ይላሉ አማቷ። የሚያለቅስ ሰው ድምፅም ተሰማ። ከዚያ ሁለተኛው በር ተንኳኳ፤ ከዚያ ሦስተኛው። እትዬ አምፖል እጆቿን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች፣ በየደጁ ስትመሰገን ቁጭ ብላ ታዳምጥ ነበር።