ሰይፉና የማቆያው አልጋዎች

አናጢው ሰይፉ ስለ ራሱ ሲያወራ አንድ ነገር አይደብቅም፤ በዚያን ዘመን በቡታጅራ ከተማ እሱን የሚያህል ስብሰባ ወዳድ አልነበረም። የእድር ስብሰባ ይሁን፣ የወላጆች ኮሚቴ ይሁን፣ የቤተ ክርስቲያኑ የሕንፃ ኮሚቴ ይሁን፣ ከፊት ወንበር ላይ የሚገኘው እሱ ነው። ውይይቱ ሲከፈት መጀመሪያ የሚወጣው እጅ የእሱ ነው። ሚስቱ ዘርፈሽዋል፣ “ከሰው ጋር የምታወራውን እዚያ ትጨርስና ለእኔ ዝምታህን ይዘህልኝ ትመጣለህ” ትለው ነበር።

ስለዚህ ክልሉ ጤና ጣቢያዎች በቦርድ ይመሩ፣ በቦርዱም ውስጥ የሕዝብ ተወካይ ይግባበት ብሎ በወሰነ ጊዜ፣ የቀበሌው ሰው ተወካይ ፍለጋ ብዙ አልደከመም። ሰይፉ ያኔ የተመረጥኩት ተወድጄ ነው ብሎ አምኖ ነበር። አሁን ሲጠየቅ ግን፣ “ከእድሩ ስብሰባ እንድርቅላቸው ብለው ነው” ይላል።

ስለ ሕክምና የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ሲያመው በጸሎትና በነጭ ሽንኩርት ይድን ነበር እንጂ መርፌ የሚባል ነገር ካለበት ግቢ አይደርስም። የቦርድ አባል ከሆነ በኋላም ያወቀው ስብሰባ አዳራሹን ብቻ ነው። ቃላቱን ግን ቶሎ ለመዳቸው። ከሁሉም “ተደራሽነት” የምትለዋን ወደዳት። አንድ ቀን ምሳ ላይ የጨው ተደራሽነት ችግር እንዳለ ለዘርፈሽዋል ቢነግራት፣ የጨው ዕቃውን ከፊቱ አስቀምጣለት ሄደች።

ነገሩ የሆነው በ2006 ዓ.ም. ነው። ማንኛዋም እናት ቤቷ ውስጥ እንዳትወልድ የሚል ጥብቅ መመሪያ ወርዶ ነበር። ችግሩ መንገዱ ነው። ለወረዳው የተሰጠው አምቡላንስ አንድ ነው፤ ከመስቃን ገጠር ቀበሌዎች አንዳንዶቹ ደግሞ ዝናብ ከጀመረ መኪና አያስገቡም። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስትመጣ መንገድ ላይ ትወልዳለች፤ አንዳንዷም ከነልጇ ትቀራለች። ለዚህ መላ ተብሎ የታሰበው የእናቶች ማቆያ ነበር፤ የመውለጃዋ ጊዜ የደረሰ ሴት አስቀድማ መጥታ፣ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ቀኗን የምትጠብቅበት ቤት።

ሕዝቡ እንጨት አዋጣ፣ ቆርቆሮ አዋጣ፣ ጭቃ አቦካ። ቤቱ ቆመ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ሀቢቡ በቦርዱ ስብሰባ ላይ፣ “አሁን የሚቀረን አልጋ ነው” ሲል ንግግሩን ሳይጨርስ የሰይፉ እጅ ወጣ።

“አልጋውን ለእኔ ተዉት። ጉልበቱም ጥበቡም የእኔ ይሁን።”

እዚህ ላይ ሰይፉን ማመስገን ይገባል፤ ሥራውን ከልቡ ነው የሠራው። ዋንዛውን መርጦ፣ በደንብ አድርቆ፣ ራስጌውን በአበባ ቀርጾ፣ ሁለት እጅ ቫርኒሽ ቀባው። ቁመቱን ማንንም አልጠየቀም። ምን ይጠየቃል? በቡታጅራ ለሙሽራ አልጋ የሚሠራ ሰው ነው፤ ሙሽሮች ደግሞ ከሥሩ ሻንጣ የሚያስገባ ከፍ ያለ አልጋ ይወዳሉ። አንድ ጊዜ ታማሚ ሊጠይቅ ሆስፒታል ገብቶ ያየው አልጋም ከፍ ያለ ነበር። ለእናቶች ደግሞ ከሁሉም ከፍ ይበል አለና በሙሽራው ልክ ላይ ትንሽ ጨመረበት። ለክብራቸው።

ለምረቃው ከወልቂጤ የዞን ሰዎች መጡ። አንደኛው ራስጌውን በመዳፉ ደበስ ደበስ አድርጎ፣ “ይሄማ የሆቴል አልጋ ነው” አለ። ሰይፉ ያቺን ንግግር ለብዙ ሳምንት እንደ ከረሜላ አፉ ውስጥ ሲያገላብጣት ከረመ።

ክረምቱ ሲገባ ግን ሌላ ወሬ መጣ። አቶ ሀቢቡ ለቦርዱ ሲያስረዳ፣ ሴቶቹ ወደ ማቆያው ይመጣሉ፣ አንድ ሌሊት ያድራሉ፣ በማግስቱ ጓዛቸውን ሸክፈው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ አለ። ምክንያቱ ምን ይሆን ተብሎ ሲነሳ አንዱ የግንዛቤ እጥረት ነው አለ። ሌላው ደገመው። ሰይፉ ደግሞ ከሁለቱም አስረዝሞ ተናገረው። በስብሰባው ላይ አዋላጅ ነርሷ ቅድስት ተገኝታ ስለነበር፣ “እኔ እንኳ እንደሚመስለኝ አልጋው...” ብላ ስትጀምር ሰይፉ ቀበል አደረጋት።

“ሲስተር፣ ስለ አልጋው አንቺ አታስቢ። አልጋው ተሠርቷል። ያልተሠራው ጭንቅላት ነው።”

ሰይፉም ሴቶቹን እኔው ራሴ ሄጄ አስተምራለሁ ብሎ ቃል ገባ።

በገበያ ቀን ኮቱን ለብሶ ወደ ማቆያው ሄደ። በሩን አንኳኩቶ ሲገባ ያየው ነገር ግራ አጋባው። ሁለት ነፍሰ ጡሮች መሬት ላይ ሰሌን አንጥፈው ጋደም ብለዋል። ከጎናቸው የእሱ አልጋዎች ተነጥፈው ቆመዋል፤ አንዱ ላይ አንድ ፔርሙስና ሁለት ፌስታል ተቀምጠውበታል።

“እንደምን ዋላችሁ” አለ።

“አልሐምዱሊላህ” አለች አንደኛዋ፣ በክርኗ ተደግፋ ቀና እያለች። ሃሊማ ትባላለች፤ ከመስቃን ገጠር የመጣች፣ ሆዷ የገፋ፣ ፊቷ ላይ ፈገግታ የማይጠፋ ወጣት ናት።

“እህቴ፣ እንዲህ መሬት ላይ መተኛት እኮ ለአንቺም ለልጁም አይሆንም” ብሎ ትምህርቱን ጀመረ።

“እናውቃለን።”

“ታዲያ አልጋ እያለ?”

ሃሊማ ወደ አልጋው አየችና ወደ እሱ ዞረች። “ጋሼ፣ ለእርስዎማ ልክ ነው። ለኛ ግን ለመውጣት የሚገፋ ሰው ያስፈልጋል፤ ለመውረድ ደግሞ አላህ ካልረዳ አይሆንም። የመጣሁ ቀን እንደምንም ወጣሁ። ይሄ ሆድ ደግሞ በየሰዓቱ ሽንት ቤት ይላል። ልወርድ ብል እግሬ መሬቱን አጣው። ተንጠልጥዬ ስጮህ ዘበኛው መጥቶ አቅፎ አወረደኝ። ባል አለኝ እኮ እኔ። ባዕድ ወንድ ሲያቅፈኝ ከማድር መሬቱ ይሻላል አልኩ።” በእጇ ወደ በሩ አመለከተች። “ሌሎቹ በዚሁ ነው ትተው የሄዱት።”

“ለምን አልተናገራችሁም ታዲያ?”

“ለማን? አልጋውን የሠሩት ትልቅ ሰው ናቸው፣ የቦርድ አባል ናቸው ሲሉን ፈራን። ይቀየማሉ።”

ሰይፉ ኮቱን አስተካከለ። እኔ ነኝ ማለት ነበረበት። “እሺ፣ እነግረዋለሁ” ብሎ ወጣ።

ወርክሾፑ እስኪደርስ ድረስ ከራሱ ጋር ሲሟገት ነበር። ሴቶች ነገር ያጋንናሉ አለ። ልማድ ነው አለ። እንደ አጋጣሚ ከማቆያው አልጋዎች ትንሽ ብቻ የሚያጥር የሙሽራ አልጋ ወርክሾፑ ውስጥ ቆሞ ነበርና፣ ነገሩን ራሴ ልየው ብሎ በሩን ገርበብ አደረገ። ከረጢት አነሣ፣ ሰጋቱራ ሞላበት፣ ከሸሚዙ ሥር ሆዱ ላይ በገመድ ጠፍሮ አሰረው። ከላይ ኮቱን ቆለፈበት። እንግዲህ የአርባ ስምንት ዓመት ሰው፣ የሦስት ልጆች አባት፣ የቦርድ አባል ነው።

ሲወጣ በደረቱ ተስቦ ወጣ። በጎኑ ለመገላበጥ ብዙ ታገለ። ሊወርድ ሲል ግን ሆዱ እግሩን ጋረደው። አንድ እግሩን ሰደደ፤ መሬት የለም። ሌላውንም ሰደደ። ከዚያ ወዲያ የሚያስታውሰው ሰጋቱራው ዓይኑ ውስጥ ሲገባና የቀኝ እጁ አንጓ ሲጮህ ነው።

ዘርፈሽዋል ምሳ ይዛ ስትደርስ መሬት ላይ ተዘርሮ አገኘችው። መጀመሪያ ያየችው ሆዱን ነው። ሰሐኑን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

“ስንት ወርህ ነው?”

“ተይኝ እስቲ። ሙከራ ላይ ነበርኩ። ይልቅ አንሺኝ።”

ወደ ጤና ጣቢያው ደግፋ ወሰደችው። ለመጀመሪያ ጊዜ በታካሚ በር ገባ። ካርድ ክፍል ሲደርስ ሠራተኛው ያውቀኛል ብሎ ፊቱን በመስኮቱ በኩል ወደ ውስጥ ዘለቅ አደረገ፤ ሠራተኛው አላወቀውም፣ ተራህን ጠብቅ አለው። ጠበቀ። መደገፊያ በሌለው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ አንጓው እያበጠ፣ ትንሽ ልጅ እያለቀሰበት ጠበቀ። ባለፈው ስብሰባ ተገልጋዩ በአቀባበሉ ረክቷል የሚለውን ሪፖርት ሲያጸድቅ ያወጣው ያው አሁን የሚያመው እጁ ነበር።

ቅድስት በኮሪደሩ ስታልፍ አየችው። “ጋሽ ሰይፉ! ምን ሆኑ?”

“ምንም አይደል፣ ሳንቃ ነው፣ ሳንቃ ወድቆብኝ...”

“ነፍሰ ጡር ሆኖ ከአልጋ ወድቆ ነው” አለች ዘርፈሽዋል።

ቅድስት ነገሩን እስክትረዳ ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ የጋውኗን እጅጌ አፏ ላይ አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ስትመለስ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

“በዚያ ስብሰባ ላይ ልነግርዎ ነበር እኮ” አለች።

“አቋረጥኩሽ።”

“አቋረጡኝ።”

“እንግዲህ አሁን ንገሪኝ፤ ወረፋዬ ገና ነው።”

ነገረችው። አልጋው ከጉልበት መብለጥ እንደሌለበት፣ ሴቶቹ ገንፎ የሚያገነፉበት ማድ ቤት እንደሌላቸው፣ ሙስሊሞቹ ተጣጥበው የሚሰግዱበት ጥግ እንደሚፈልጉ፣ ቤት የቀሩ ልጆቻቸው ነገር እንደሚያስጨንቃቸው። ሰይፉ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊያቋርጣት አፉን ከፍቶ ነበር፤ አንጓው እየጠዘጠዘው ዘጋው። በመጨረሻ ጤና ጣቢያው የራጅ መሣሪያ ስላልነበረው ወደ ሆስፒታል ላኩት። አጥንቱ ተሰንጥቆ ተገኘና እጁ በጀሶ ታሰረ።

አልጋዎቹ መቆረጥ ነበረባቸው፤ አናጢው ግን መጋዝ የሚይዝበት እጅ የለውም። ሚስቱን ሊጠይቅ የመጣው የሃሊማ ባል ሸምሶ፣ እኔ አለሁ አለ። በርበሬና ጤፍ የሚያመርት ገበሬ ነው፤ መጋዝ ይዞ አያውቅም። ሰይፉ ሃሊማን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ በጉልበቷ ልክ በግራ እጁ ምልክት አደረገ።

“ሰውየውን ነገሯቸው?” አለች ሃሊማ።

“ነገርኩት።”

“ምን አሉ ታዲያ?”

“መጀመሪያ አላመነም። ኋላ ወደቀ።”

ሃሊማ በጀሶ የታሰረውን እጅ አየች፣ ፊቱን አየች፣ ከዚያ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። ሸምሶ ደንግጦ መጋዙን ጣለ፤ ምጥ የመጣ መስሎት ነው።

ሸምሶ የቆረጣቸው እግሮች አንዱ ከሌላው አይገጥሙም ነበር። ያ በአበባ የተቀረጸ ዋንዛ እንደ ሰካራም ይወዛወዝ ጀመር፤ ሰይፉም ካርቶን እያጠፈ ከሥሩ ሲወትፍ ዋለ። ከእጁ እንዲህ ያለ አስቀያሚ ሥራ ወጥቶ አያውቅም። በዚያው ሳምንት ግን ሴቶቹ አልጋው ላይ ተኙ።

ሃሊማ የወለደችው ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ የመስቃን መንገድ በተዘጋበት ቀን ነው። ደም ፈስሷት ነበር። ቅድስት አጠገቧ ባትኖር ኖሮ፣ ወደ ሆስፒታልም የሚወስዳት አምቡላንስ እዚያው ከደጅ ባይገኝ ኖሮ፣ ሸምሶ የሚቀበለው ሌላ ወሬ ይሆን ነበር። ሴት ልጅ አቅፋ ወደ ቤቷ ስትመለስ ሰይፉ ሊሰናበታት መጣ። በደህናው እጁ ጓዟን ተሸክሞ እስከ ደጅ ሸኛት።

በከተማው ነፍሰ ጡሩ አናጢ የሚባል ስም ወጣለት። አሰፋሽ የምትባል ባለ ሱቅ ጎረቤቱ ባየችው ቁጥር፣ “ጤናው እንዴት ነው፣ ይገፋል?” ትለዋለች። እሱም ታሪኩን በየስብሰባው ራሱ ይተርከዋል፤ ሌላው ሲተርከው አሳጥሮ ያበላሸዋል ባይ ነው።

በዓመቱ ለማቆያው ማድ ቤት ሲሠራ፣ ሰይፉ በሩን ከመግጠሙ በፊት ማቆያው ውስጥ የነበሩትን ሴቶች ጠርቶ አሳያቸው። በሩ በዚህ በኩል ከሆነ ነፋሱ ጭሱን ወደ መኝታው ይወስደዋል አሉት። የለም፣ ነፋሱ ከዚያ ወዲያ ነው የሚመጣው አለ። ግማሽ ቀን ተከራከራቸው። እሳት አንድደው አሳዩት። ከመኝታ ክፍሉ እያሳለ ወጥቶ በሩን ወደ ሌላኛው ግድግዳ አዞረው።