«ቫጋቦንዶ» ተብዬ የተመዘገብኩበት ቀን

የያዙኝ ከሁሩሙ ወጣ ብሎ ወደ ሶር ወንዝ በሚወስደው ጫካ ውስጥ ነው። ቀፎዎቼን ለማየት ከዛፍ ዛፍ ስዞር ሦስት የጣሊያን ባንዳዎች ከበቡኝ። መቱ ከተማ ወስደው ቡና ይከማችበት የነበረ መጋዘን ውስጥ ወረወሩኝ። መስኮት የለውም። የሻገተ ገለባና የሽንት ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ።

እውነቱን ልናገርና፣ ቀፎዎቼ ከተሰቀሉበት በታች ባለው ዋሻ የቆሰሉ አርበኞች ተኝተው ነበር። ስንቅ የማደርስላቸው እኔ ነኝ። ቀፎ አለኝ ካልኩ ምራን ይሉኛል። ያኔ ሁላችንም አለቀልን።

መጋዘኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። ጎሬ ላይ ለእንግሊዝ ነጋዴ ጸሐፊ ነበሩ። የታሰሩትም እንግሊዝኛ በማወቃቸው ነው።

«ለአርበኛ ይላላካል ካሉ ይሰቅሉሃል» አሉኝ። «የት ትሄድ ነበር ሲሉህ፣ የትም፣ ዝም ብዬ ነው የምዞረው በል። ጣሊያኖቹ ቫጋቦንዶ ብለው ይመዘግቡሃል።»

«ምን ማለት ነው ጋሼ?»

«እንግሊዞቹም ቫጋቦንድ ይላሉ። ሁለቱም ከላቲን የወሰዱት ነው። ሥሩ መዞር፣ መንከራተት ብቻ ነበር። እየቆየ ቤት የሌለው ሆነ፣ ቀጥሎ ዱርዬ ሆነ። ድሮ እንግሊዝ አገር እንዲህ ያለውን ሰው እየገረፉ ወደ ትውልድ ቀዬው ይመልሱት ነበር።»

ክው አልኩ። «ስለዞረ ብቻ?»

«ስለዞረ ብቻ።»

በማግሥቱ ጣሊያናዊው መኮንን ፊት መሬት ላይ አስቀመጡኝ። እንደተባልኩት መለስኩ። አላመነኝም። ከሁሩሙ አንድ የአገር ሽማግሌ መጥቶ ይመስክር ብሎ አዘዘ። በሩ ሲከፈት የገቡት አማቴ፣ የባለቤቴ አባት ናቸው።

ዱርዬ ነው ወይ ቢሏቸው፣ ሊያድኑኝ ብለው «ኧረ የተከበረ ባለ ቀፎ ነው» ሊሉ ነው። በቤተሰባቸው ስም ቀልድ አያውቁም። አይናገሩ እንዳልላቸው አስተርጓሚው አጠገቤ ቆሟል።

እኛ ዘንድ አማቱን ተቀምጦ የሚቀበል ሰው የለም። እኔ አልተነሳሁም። አይቻቸው እንደማላውቅ ቀና ብዬ አየኋቸውና እግሬን ወደ እሳቸው ዘረጋሁ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ይሄን ሰው ያውቁታል?» አላቸው አስተርጓሚው።

የዘረጋሁትን እግር አዩ።

«ገበያ ላይ አየዋለሁ» አሉ። «ቤት የለውም። ዝም ብሎ ይዞራል።»

መኮንኑ ጻፈ። አማቴ ጀርባቸውን ሰጥተው ሲወጡ ተነሳሁ። ጠባቂው አስካሪ ወታደር በሰደፍ ትከሻዬን ሲለኝ ወደቅሁ። እንደገና ተነሳሁና በሩ እስኪዘጋ ቆምኩ።

ተገረፍኩ፣ ከዚያ መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ስፈልጥ ቆየሁ። ስፈታ አማቴ አርፈዋል። ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ሳልጠይቅ መቅረቴ ዛሬም በዚህ እርጅናዬ ያንገበግበኛል።

እሳቸው ያሉትን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። ያን ቀን ከመቱ ሲመለሱ በር ላይ ቆመው፣ «ባልሽ ተቀምጦ ተቀበለኝ» አሏት። «ገብቶኛል። ለሰው ነው የዳርኩሽ።»