በደህናው ቀን መተኛት

ከላንቴ የወጣሁት የሙዝ ጭነት በነበረበት ዕለት ማታ ነው። ቀኑን እኔ አልመረጥኩትም። ቲኬቱን የቆረጠው በርሚንግሃም ያለው ባሌ ታምሩ ነው፤ እሱ ደግሞ አይሱዙው መቼ እንደሚመጣ ከየት ያውቃል? እናም እኔ ሻንጣ ስዘጋ እናቴ ከሴቶቹ ጋር የሙዝ ዘለላ እየተሸከመች ከማሳው ወደ መኪናው ትመላለስ ነበር። ሲመሽ፣ የሙዝ ቅጠል ቁራጭ ትከሻዋ ላይ እንደተለጠፈ መጣችና ሻንጣው ላይ ቁጭ አለችበት፤ ዚፑ እምቢ ብሎኝ ነበር።

«ሃለኮውን ልብስሽ መሃል አድርጊው» አለችኝ። «ፈረንጆቹ ካገኙት መድኃኒት ነው በያቸው።»

ሃለኮ እናንተ ሽፈራው የምትሉት ቅጠል ነው፤ ለእኛ ጎመናችን ነው። ከሱ ሌላ አጎበርም ይዤ ነበር፤ እንግሊዝ አገር ትንኝ የለም ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረማ። በኋላ ታምሩ አጎበሩን ከሻንጣዬ ሲያወጣ እስኪያስለው ድረስ ሳቀብኝ። ያን ማታ ግን ማንም አልሳቀም። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴና እኔ ብቻችንን ነበርን፤ ባጃጁ ወደ አርባ ምንጭ መናኸሪያ ሊወስደኝ ሲመጣ አቅፋኝ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ «በይ ሂጂ፣ ሰውየው ይጠብቃል» ብላ ገፋችኝ።

ለዚያ ጉዞ ስንት ጠብቄያለሁ መሰላችሁ! አዲስ አበባ አመላልሰውኛል፣ ሳንባዬን ራጅ አንስተዋል፣ የሰርጌን ፎቶ እያገላበጡ «ይሄ ሰውዬ ማነው?» ብለውኛል። ሳይጠራ የመጣ ጎረቤት ነው አልኳቸው። የጣቴን አሻራ ወስደዋል፣ ሻንጣዬን በርብረዋል። ደሜን ግን ማንም አላየውም። የላንቴ ወባዬ ያለ ወረፋ፣ ያለ ቪዛ፣ አብሮኝ ገባ።

በርሚንግሃም የምንኖረው አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። አከራያችን ከግድግዳው ማዶ የሚኖር ሽማግሌ ሲሆን በመጀመሪያው ሳምንት መጥቶ «ስልክ ስታወሪ አትጩኺ» አለኝ።

«አገሬ ሩቅ ነው» አልኩት በታምሩ አስተርጓሚነት።

«ስልኩ ግን ጆሮሽ ላይ ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ድምፄ ከፍ ባለ ቁጥር ግድግዳውን በከዘራው ይመታል። እናቴ ግቢ ደግሞ ኔትወርክ የሚገኘው ማንጎው ሥር ብቻ ነው፤ እዚያም ይቆራረጣል። ሳልጮህ እንዴት አድርጌ ላዋራት? ታምሩ «ቀስ በይ፣ ያስወጣናል» እያለ አፌን በእጁ ሊይዝ ይቃጣዋል።

ሥራ የት ያገኘሁ ይመስላችኋል? ሙዝ ቤት! ከሙዝ ሸሽቼ፣ ባሕር ተሻግሬ፣ ሙዝ ቤት። ከደቡብ አሜሪካ በመርከብ የሚመጣ ጥሬ ሙዝ የሚበስልበት መጋዘን ነው። ሙዙ ሙቀቱ በተለካ ክፍል ውስጥ ይተኛል፤ የእኛ ቤት ማሞቂያ ግን የሚሠራው አከራያችን ደስ ሲለው ነው። የመጀመሪያ ቀን ክፍሉን ሳይ ሙዙን ቀናሁበት። ሥራችን መምረጥ፣ መመዘን፣ ከረጢት ውስጥ መክተት ነው። አንዲት ጥቁር ነጥብ ያለችበት ሙዝ ትጣላለች፤ ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም፣ አንጀቷ አይችለውም።

ሥራው ፓርት ታይም ይባላል፣ በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ማለት ነው። አጠገቤ የሚሠሩት ሶማሌዋ ሃሊማና ፖላንዳዊቷ ዳኑታ ናቸው። ሃሊማ ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛ ትችላለች፤ አፌም ጆሮዬም እሷ ነበረች። አለቃችን ክሬግ ይባላል። ጋሽ የለ፣ አቶ የለ፣ ክሬግ ብቻ። ሐሙስ ሐሙስ ሰዓታችን ሳይሞላ «ሴቶች፣ ዛሬ በጊዜ ቤታችሁ ግቡ» ይለን ነበር። እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። እሷም ማንጎው ሥር ቆማ መረቀችው።

እንዲህ እያልኩ አንድ ሰኞ ጠዋት የማውቀው ብርድ መጣ። የእንግሊዝ ብርድ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ይሄኛው ከአጥንቴ ውስጥ ተነሳ። ታምሩ ብርድ ልብሱን ሁሉ ደረበልኝ፣ በመጨረሻ አጎበሩንም ደረበልኝ፤ አሁን አልሳቀም። ለክሬግ ደውሎ ታማለች አለው። እስከ ማታ ተንቀጥቅጬ፣ ነድጄ፣ አልቦኝ፣ ተኛሁ። ማክሰኞ ጠዋት ምንም እንዳልነካው ሰው ተነስቼ ሥራ ገባሁ።

ቆላ ያደገ ያውቀዋል፣ ወባ ቀን ይዘላል። አንድ ቀን ይጥላል፣ አንድ ቀን ይለቃል። በመሃል ያለውን እናቴ «ደህና ቀን» ትለዋለች። በደህና ቀኑ የሚተኛ ሰው በእኛ መንደር አላየሁም። የጭነት ቀን እናቴን ወባ ከጣላት ሴቶቹ የእሷን ዘለላ ይሸከሙላታል፣ ድርሻዋም አይጎድልም። ደህና ስትሆን ደግሞ እሷ ተነስታ ለሌላዋ ትሸከማለች። በእርግጥ ታምመሽ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ስታቃስት ሁሉም ሰምቷታል። እኔም ያደግኩት በዚህ ነው። ማክሰኞ የሰኞን ጭምር ልክስ ብዬ እንደ እብድ ሠራሁ። ረቡዕ ጣለኝ። ሐሙስ ገባሁ። ዓርብ መግባት ባልነበረብኝ ቀን ገባሁና ሚዛኑ ላይ ወደቅሁ።

ሆስፒታል ነርሷ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝና ወዲያው ደም ቀዳች። ወባ መሆኑ ሲታወቅ ሐኪሙ ተማሪዎቹን ሰብስቦ አመጣ፤ እኔን ሊያዩ ተሰልፈው ገቡ። በሕይወቴ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም። መድኃኒት ሰጡኝ፣ ለአንድ ሳምንት ሥራ እንዳልሠራም ወረቀት ጻፉልኝ። ተኛሁ። ያንን ሳምንት ሙሉ እውነቴን ነው ተኛሁ፤ የዚያ ወር ኪራይም በዚያው ጎደለ።

ሥራ ስመለስ ሃሊማ «ሲክ ፔይ ጠይቂው እንጂ» አለችኝ። ለታመመ ሠራተኛ የሚከፈል ገንዘብ ነው፣ በሕግ። ተያይዘን ክሬግ ቢሮ ገባን።

«ማክሰኞ ሠርተሻል» አለኝ ኮምፒውተሩን እያየ።

«አዎ።»

«ሐሙስም ሠርተሻል።»

«ደህና ቀኔ ነበር።»

«ሕጉ በተከታታይ መታመም አለብሽ ይላል። አንቺ እየዘለልሽ ነው የታመምሽው።»

«የዘለልኩት እኔ ነኝ? ወባው ነው እንጂ!»

«ለወባ የተለየ ሕግ የለንም።»

«እሺ፣ ቀጥሎ ያለው ሳምንትስ? አንድም ቀን አልዘለልኩም። ወረቀቱም ይኸው።»

ክሬግ በረጅሙ ተነፈሰ። «እሱማ በተከታታይ ነው። ግን ደመወዝሽ ያንሳል።»

«እሱን እኔም አውቃለሁ።»

«አይደለም፣ ሲክ ፔይ ለማግኘት ያንሳል ማለቴ ነው። ሕጉ መስመር አለው። በሳምንት ከመስመሩ በታች የሚያገኝ ሰው ሲታመም አይከፈለውም።»

ሃሊማ የተረጎመችልኝ ተሳስታ መሰለኝ፤ ደግማ እንድትነግረኝ አደረግኩ። ከዚያ «ብዙ የሚያገኘው ሲታመም ይከፈለዋል፣ ትንሽ የማገኘው እኔ ግን አይከፈለኝም?» ብዬ ጠየቅኩ።

ክሬግ ደስ አለው። «ትክክል! በደንብ ገብቶሻል።»

«ከመስመሩ ላይ ለመድረስ ምን ያህል ይጎድለኛል?»

አየና «የአንድ ሰዓት ሥራ ቢሆን ነው» አለ።

ሃሊማ ይህን ተረጎመችልኝ። ሐሙስ! ያ በጊዜ ግቡ የሚባልበት ሐሙስ! ያቺ አንድ ሰዓት የምትጎድለው እዚያ ነበር። ተቃጠልኩ። በገንዘቡ ብቻ አይደለም የተቃጠልኩት፤ እናቴ በማታውቀው አገር ላለ ሰው፣ ማንጎ ሥር ቆማ፣ እጇን ዘርግታ መርቃው ነበር።

ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ለዳኑታ ነገርናት። እጅጌዋን ሰብስባ የእጅ አንጓዋን አሳየችን፤ ተሰንጥቆ በጨርቅ አስራው ስትሠራ ከርማለች። ተኝታ ምን ልትበላ? ሃሊማ ደግሞ እርጉዝ ናት፣ ማስመለሱን ሽንት ቤት ጨርሳ እየመጣች ነው ሙዝ የምትመዝነው። ሦስታችንም ከመስመሩ በታች፣ ሦስታችንም በአንድ ሰዓት ሥራ። «እኛ አገር አይሱዙው ሳይሞላ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም» አልኳቸው። ሃሊማ ለዳኑታ በእንግሊዝኛ ነገረቻት፤ ዳኑታ አይሱዙ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ራሷን ነቀነቀች።

ሐሙስ ክሬግ መጥቶ «ሴቶች፣ ቤታችሁ ግቡ» አለ። ሽርጣችንን አላወለቅንም። ደግሞ ነገረን። መመዘናችንን ቀጠልን። ማሽኑን አጠፋው፤ ሣጥኖቹን በእጃችን እየጎተትን ቀጠልን።

«ይህን ሰዓት አልከፍላችሁም!» አለ።

«የሠራነውን ትከፍላለህ» አለችው ዳኑታ፣ ቀና ሳትል።

ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ እንደዚያች ሰዓት ደስ ያለኝ ጊዜ የለም።

በማግስቱ ክሬግ ብቻዬን ጠራኝ። ቃላቱን እየቆጠበ፣ ለሕፃን እንደሚነገር አድርጎ ነገረኝ። ለአንቺ ብቻ ሐሙስን ሙሉ አደርግልሻለሁ፣ ለሌሎቹ አትንገሪ፣ ነው ነገሩ። ያን ያህል እንግሊዝኛ በዚያን ጊዜ ገብቶኛል፤ አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። ግን የቢሮውን በር ከፈትኩና መጋዘኑ እስኪያስተጋባ ድረስ ተጣራሁ።

«ሃሊማ! ዳኑታንም ይዘሻት ነይ! ክሬግ የሚለውን ተርጉሚልኝ!»

ክሬግ ፊቱ ቀላ። ሲመጡ ጉዳዩ ለበላይ አካል ይቀርባል አለ። እስካሁን እየቀረበ ነው። እኛም ሐሙስ ሐሙስ ሰዓታችን ሳይሞላ ወደ ቤት አንሄድም። ታምሩ «ያባርሩሻል» ይላል፣ ሌሊት ይገላበጣል። ቢያባርሩኝም ለመታመም አቅም የሌለኝ ሰው ሆኜ ነው የሚያባርሩኝ፤ ምን ያጎድሉብኛል?

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«ወባው ለቀቀሽ?» አለችኝ።

«ለቀቀኝ።»

«እዚያ ማን ተሸከመልሽ?»

የሃሊማንና የዳኑታን ስም ነገርኳት። ዳኑታ የሚለው አስቸገራትና ደጋግማ አለችው። «ያ ደግ አለቃሽስ?» ስትለኝ «ምርቃትሽን መልሰሽ ውሰጂው» አልኳት። ሳቀች፤ ሳቋ ግን አቅም አልነበረውም።

«እማዬ፣ አሞሻል?»

«ትናንት ሲያንቀጠቅጠኝ ዋለ። ዛሬ ደህና ቀኔ ነው፣ አይሱዙውም መጥቶ ማንጎው አጠገብ ቆሟል።»

«ዛሬም ተኚ።»

«በደህና ቀኔ? ምን ብዬ?»

«ታምሜያለሁ ብለሽ!»

«ትናንት እነሱ ተሸክመውልኝ ዛሬ እኔ ልተኛ? ተይ እንጂ፣ ልጄ» አለችና የመኪናው ጥሩምባ ሲጠራት «መጣሁ!» ብላ መለሰችለት። ስልኩን ሳትዘጋው ጉያዋ ከተተችው መሰለኝ። የሴቶቹ ድምፅ ይሰማኛል፣ ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል፣ ዘለላው ትከሻዋ ላይ ሲወጣ የምታወጣው ትንፋሽ ይሰማኛል።

«እማዬ! ተኚ!» ብዬ ጮህኩ።

የአከራያችን ከዘራ ግድግዳውን መታው።

«ተኚ!» አልኩ፣ ከፊተኛው ይልቅ ጮክ ብዬ።